ምስሉ ከሰማይ በነጻ ይወርዳል፤ ዋጋው ማንበቡ ላይ ነው

የአየር ሁኔታ ሳተላይት ምስል በቤት ኮምፒዩተር መቀበል ለነጋዴ ምን ይሰጣል? ምንስ አይሰጥም?

እህል የሚነግድ ሰው ሁለት ነገር ይከታተላል፤ አንዱ ዋጋ ነው፣ ሌላው ዝናብ። ዋጋውን ከደላላው፣ ከእህል በረንዳ ወይም ከምርት ገበያው ሰሌዳ ያገኘዋል። ዝናቡን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በወሬ ነው። ከጎጃም የመጣ ሹፌር «በደንብ ዘንቧል» ይላል፤ ከአርሲ የደወለ ደንበኛ ደግሞ «ደርቀናል» ይላል። በዚህ ወሬ ላይ ተመሥርቶ ጤፍ የሚያከማች አለ፤ ሰሊጥ ቀድሞ የሚገዛ አለ፤ ስንዴውን በርካሽ የሚለቅም አለ። ወሬው ትክክል ሲሆን ያተርፋል፤ ሲሳሳት የመጋዘን ኪራይና የባንክ ወለድ ይቆጥራል።

ይሁንና የወሬው መነሻ የሆነው ደመና ራሱ በየዕለቱ ከላይ ፎቶግራፍ ይነሳል። ከፎቶግራፎቹም ከፊሎቹ ያለ ክፍያና ያለ ምስጢር ቁልፍ በራዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ይለቀቃሉ። እነዚህን ለመቀበል የሚያስፈልገው ተራ ኮምፒዩተር፣ አውራ ጣት የምታህል የራዲዮ መቀበያና ከሁለት የብረት ዘንጎች የተሠራ አንቴና ብቻ ነው። በዓለም ዙሪያ በዚህ ሥራ የተጠመዱ ብዙ አማተሮች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት ለመዝናኛ ነው። ለመሆኑ ይህ የመዝናኛ ዕቃ ለገበያ ሰው ይረባል ወይ? ከረባስ ለምን ያህል ጊዜ ሊታመን ይችላል? በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ በ2025 ሦስት ሳተላይቶች ተከታትለው ከተዘጉ ወዲህ ክብደት አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

አሜሪካ ቲሮስ-1 የተባለውን የመጀመሪያ የአየር ሁኔታ ሳተላይቷን ያመጠቀችው አፕሪል 1 ቀን 1960 ነበር። ቲሮስ-1 የሠራው 78 ቀን ብቻ ቢሆንም ደመና ከላይ ሲታይ ሥርዓት ያለው ቅርጽ እንዳለውና ማዕበልም ወደ የብስ ከመድረሱ በፊት ሊታይ እንደሚችል አረጋገጠ። ጉድለቱ ምስሉ የሚወርደው በጥቂት ትላልቅ ጣቢያዎች ላይ ብቻ መሆኑ ነበር። ለሌላው ዓለም ምስሉ ሲደርስ ደመናው አልፏል።

ይህን ለማቃለል በዲሴምበር 1963 በተመጠቀው ቲሮስ-8 ላይ አዲስ ዘዴ ተሞከረ። ኤ.ፒ.ቲ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ይህ ራሱን በራሱ የሚያሠራ የምስል ስርጭት፣ ሳተላይቱ ያየውን ወዲያውኑ ወደ ታች እንዲለቅ የሚያደርግ ነው። ተቀባዩ ትልቅ ጣቢያ መሆን አያስፈልገውም። ሳተላይቱ ከአናቱ በላይ ሲያልፍ የሚያዳምጥ ሁሉ የራሱን አካባቢ ምስል ያገኛል። የታሰበውም አነስተኛ አቅም ያላቸው አገሮች፣ መርከቦችና አውሮፕላን ማረፊያዎች በርካሽ መሣሪያ እንዲጠቀሙ ነው። በሩ ለመንግሥታት ሲከፈት ግን ለግለሰቡም አብሮ ተከፈተ። አማተሮች አሮጌ የፋክስ ማተሚያ እየጠገኑ ምስሉን በወረቀት ያወጡት ጀመር። ኮምፒዩተር በየቤቱ ሲገባ ደግሞ ሥራው ቀለለ፤ ምስሉ በድምፅ መልክ ስለሚመጣ የኮምፒዩተሩ የድምፅ ካርድ እንደ ማንኛውም ድምፅ ያነበዋል። በራዲዮ ሲሰማ እንደ ግድግዳ ሰዓት «ቲክ-ቲክ» የሚለው ያ ድምፅ በሰከንድ ሁለት የምስል መስመር ይሰጣል። አንዷ የምስል ነጥብ በምድር ላይ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ትሸፍናለች።

ይህን አገልግሎት እስከ ቅርብ ጊዜ ሲሰጡ የቆዩት ኖዓ በሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ስም የሚጠሩት ሳተላይቶች ናቸው። ኖዓ-15 በሜይ 1998፣ ኖዓ-18 በሜይ 2005፣ ኖዓ-19 በፌብሩዋሪ 2009 ተመጥቀዋል። ከምድር በላይ ከ800 እስከ 870 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ሆነው ከዋልታ ወደ ዋልታ እየዞሩ አንዱን ዙር በ102 ደቂቃ ገደማ ይጨርሱ ነበር።

ለሽያጭ የቀረበው ሳተላይት

ለገበያ ሰው ትኩረት የሚሰጠው ሌላው ታሪክ በ1983 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት በማርች ወር የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ለግል ኩባንያ እንዲሸጡ ሐሳብ አቀረበ። በጊዜው ከነበረው የፕራይቬታይዜሽን አስተሳሰብ አንጻር ሐሳቡ እንግዳ አልነበረም። ተቃውሞው ግን ከየአቅጣጫው መጣ። መንግሥት ዛሬ የራሱ የሆነውን ሸጦ ነገ ለትንበያው የሚያስፈልገውን መረጃ መልሶ ከገዢው ሊሸምት ነው፤ ገዢውም ብቸኛ ሻጭ ስለሚሆን ዋጋውን እንደፈለገ ሊቆልለው ይችላል ተባለ። ምክር ቤቱም ሽያጩን አገደ። በ1984 የወጣው ሕግ ደግሞ ላንድሳት የተባሉት የመሬት ምልከታ ሳተላይቶች ወደ ግል እንዲዞሩ ሲፈቅድ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ግን እንዳይሸጡ ከለከለ።

ያ ሽያጭ ቢሳካ ኖሮ ዛሬ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በተተከለ ዘንግ ምስል መቀበል የሚባል ነገር ባልኖረ ወይም በወር ክፍያ በሆነ ነበር። የነጻነቱ መሠረት ቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ የፖሊሲ ውሳኔ ነው። በ1995 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አባል አገሮች መሠረታዊ የአየር ሁኔታ መረጃ ያለ ክፍያና ያለ ገደብ እንዲለዋወጡ የወሰነውም ይኸው የነጻ መረጃ ክርክር በተጧጧፈበት ወቅት ነበር።

መቀበያው እንዴት ረከሰ

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የሳተላይት ምስል መቀበል የፈለገ ሰው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ራዲዮና መፍቻ መሣሪያ በመቶዎች ዶላር ይገዛ ነበር። ገበያውን የገለበጠው ከወደ ቴሌቪዥን የመጣ ዕቃ ነው። በኮምፒዩተር ላይ ዲጂታል ቴሌቪዥን ለማየት ተብሎ በብዛት የሚመረት አንድ ትንሽ መሰኪያ አለ። በ2012 ገደማ ባለሙያዎች በዚህ መሰኪያ ውስጥ ያለው የሪልቴክ ኩባንያ ቺፕ ከቴሌቪዥን ሌላ ብዙ ዓይነት የራዲዮ ምልክት ጥሬውን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት እንደሚችል አወቁ። ከዚያ በኋላ ራዲዮው በሽቦና በመጠምዘዣ መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራ ሆነ። የሃያ ዶላር ዕቃ የመቶዎች ዶላሩን ሥራ ወሰደ።

ለዚሁ ዓላማ ተሻሽለው የተሠሩት መሰኪያዎች አንቴና ተጨምሮባቸው ከ30 እስከ 50 ዶላር ባለው መጠን ሲሸጡ ቆይተዋል። ሳትደምፕን የመሰሉት ምስል የሚፈቱ ፕሮግራሞች በነጻ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ኮምፒዩተር ላለው ሰው ወጪው መሰኪያውና አንቴናው ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ግን የዶላሩ ዋጋ ቢወርድም የብሩ አልወረደም። ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር አልፏል። በ40 ዶላር የተገዛ መሰኪያ መጀመሪያ 2,280 ብር፣ በዓመቱ መጨረሻ ከ4,800 ብር በላይ ያወጣል ማለት ነው። ማጓጓዣና ቀረጥ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ለንግድ በብዛት ለማስገባት የሚያስብ ካለ፣ የራዲዮ መሣሪያ ስለሆነ ዕዳው ጉምሩክ ላይ ከመገኘቱ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ፈቃድ አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

አሠራሩ

አንቴናው በቀላሉ ይሠራል። እያንዳንዳቸው 53 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ የሚሆኑ ሁለት ዘንጎች በ120 ዲግሪ ተከፍተው እንደ «ቪ» ፊደል ይያያዛሉ። ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ይጋደሙና የቪው አፍ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይዞራል። የዘንጎቹ ርዝመት የተመረጠው ሳተላይቶቹ በሚያሰራጩበት በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ላለው ሞገድ እንዲስማማ ነው። አንቴናውን የሚያዞር ሞተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዙሪያውን ክፍት የሆነ ሰማይ ነው፤ ከፎቅ ሥር ካለ በረንዳ ይልቅ የጣሪያ አናት ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓት መጠበቅ ነው። ሳተላይቱ መቼ እንደሚያልፍ የሚያሰላ ፕሮግራም አለ። አንድ ጥሩ ማለፊያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። በአዲስ አበባ የተተከለ አንቴና በአንድ ጥሩ ማለፊያ ከግብጽ እስከ ታንዛኒያ ያለውን አገር በአንድ ምስል ሊያሳይ ይችላል። ቀይ ባሕር እንደ ጥቁር ሰይፍ ተጋድሞ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እንደ ዶቃ ተደርድረው፣ ደጋው በደመና ተሸፍኖ ይታያል።

ከተማ ውስጥ ዋናው ጠላት ዝናብም ደመናም አይደለም፤ ራዲዮው በእነሱ ውስጥ አልፎ ይመጣል። ጠላቱ የከተማው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው። ርካሽ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኮምፒዩተሩ የራሱ ኃይል መስጫ ሁሉ በዚያው ሞገድ ላይ ይንጫጫሉ። ኃይለኛ የኤፍ.ኤም. ጣቢያ ቅርብ ከሆነም መሰኪያውን ያደነቁረዋል፤ ለዚህ ማጣሪያ ይገጠማል። መብራት ሲጠፋ ግን የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራው አይቆምም፤ እንዲያውም ሠፈሩ ጸጥ ስለሚል ምስሉ ይጠራል።

«ኢንተርኔት ላይ እያለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በአብዛኛው ቀን የኢንተርኔቱ ምስል ከቤቱ የተሻለ ነው። ልዩነቱ የሚታየው መስመሩ በሌለበት ቀን ነው። በ2020 በጁላይ ወር በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር፤ ወቅቱም ክረምቱ የገባበትና የዘር ሥራ የተፋፋመበት ነበር። የሳተላይቱ ሞገድ በዚያን ጊዜም እንደ ወትሮው በአገሩ ላይ ያልፍ ነበር።

ሦስቱ በአንድ ክረምት ተዘጉ

እዚህ ላይ ነው የነጻ ዕቃ ሌላው ገጽታ የሚመጣው። ኖዓ-18 በጁን 6 ቀን 2025፣ ኖዓ-19 በኦገስት 13፣ ኖዓ-15 ደግሞ በኦገስት 19 አገልግሎታቸው አበቃ። ሦስቱም ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ የሠሩ ናቸው፤ ኖዓ-15 ብቻውን ከ27 ዓመት በላይ አገልግሏል። ከእነርሱ ጋር በ1963 የተጀመረው የኤ.ፒ.ቲ. ስርጭት ከኖዓ ሳተላይቶች ላይ ቀረ። ተተኪዎቹ ኖዓ-20 እና ኖዓ-21 እጅግ የጠራ ምስል ቢያነሱም በ137 ሜጋኸርዝ አያሰራጩም። የእነርሱን ስርጭት በቀጥታ ለመቀበል ሳተላይቱን እየተከተለ የሚዞር ሳህንና ውድ መቀበያ ያስፈልጋል።

በዚያ ሞገድ ለሕዝብ ምስል ሲያወርዱ የቀሩት የሩሲያዎቹ ሜቴኦር-ኤም ሳተላይቶች ናቸው፤ ሁለቱ አዳዲሶች በጁን 2023 እና በፌብሩዋሪ 2024 ተመጥቀዋል። ስርጭታቸው ዲጂታል ሲሆን ምስላቸውም ከኤ.ፒ.ቲ. ይልቅ የጠራ ነው፤ አንዷ ነጥብ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ያው መሰኪያ፣ ያው አንቴና ያገለግላል። ነገር ግን ዲጂታል እንደመሆኑ ምልክቱ ሲዳከም ምስሉ እንደ ድሮው እየደበዘዘ አይሄድም፤ ተቆርጦ ጥቁር ሰንበር ይሆናል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ያልከፈሉበትን ዕቃ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠየቅ የለም። የአሜሪካኑ ሲዘጋ የሩሲያው ቀረ፤ የሩሲያው ነገ ምን እንደሚሆን የሚወሰነው አዲስ አበባ አይደለም። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2019 ያመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት መሬት ለመመልከት የተሠራች እንጂ የደመና ምስል ለሕዝብ የምታሰራጭ አልነበረችም። አበው የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ይህ ሲባል ግን በሰው ወርቅ አይሠራም ማለት አይደለም፤ የሰው መሆኑን እያወቁ መሥራት ነው።

ደመና ሁሉ ዝናብ አይደለም

ምስሉን የያዘ ነጋዴ የሚሠራው የመጀመሪያው ስሕተት ነጩን ሁሉ ዝናብ አድርጎ መቁጠር ነው። ሳተላይቱ ሁለት ዓይነት ምስል ያነሳል። አንዱ በፀሐይ ብርሃን የሚታየው ሲሆን ሌላው በኢንፍራሬድ የሙቀት መጠን የሚለካው ነው። በኢንፍራሬዱ ምስል ነጭ ማለት ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ማለት ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ የወጣ ደመና ነው። በሐሩር ክልል ኃይለኛ ዝናብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ረጃጅም ደመናዎች ነው። በዚህም የተነሳ ባለሙያዎች ጫፉ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ የደረሰውን ደመና ለዝናብ ግምት እንደ መነሻ ተጠቅመውበታል። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ታምሳት የተባለው ቡድንም ለአፍሪካ የዝናብ ግምት የሚያወጣው ቀዝቃዛ ደመና በአንድ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ በመቁጠር ነው።

ይህ ግምት ለሰፊ አገርና ለአሥር ቀን ወይም ለወር ድምር ጥሩ ነው። ለአንድ ወረዳ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሊያሳስት ይችላል። ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ስስ ደመና በጣም ቀዝቃዛ ሆኖ ነጭ ይታያል፤ ጠብታ ግን አይጥልም። በአንጻሩ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ የሚዘንብ ዝቅተኛ ደመና ሞቃት ስለሆነ በምስሉ ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ዝናቡ ግን እየወረደ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ተራራ በበዛበት አገር ይህ ሁለተኛው ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ ነገር ሰዓቱ ነው። በዋልታ ዙሪያ የሚዞር ሳተላይት በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው በቀን ጥቂት ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይገነባል። በጠዋት የተቀበለ ምስል ጥርት ያለ ሰማይ አሳይቶ ከምሳ በኋላ በረዶ ሊወርድ ይችላል። በየ15 ደቂቃው ምስል የሚያነሱት ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቆመው የሚመለከቱት የአውሮፓ ሜቴኦሳት ሳተላይቶች ናቸው። ሜቴኦሳት-9 ከ2022 ጀምሮ በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ እንዲቆም ሲደረግ የአፍሪካ ቀንድ ከሞላ ጎደል ከሥሩ ሆነ። የእነርሱ መረጃ ግን የሚሰራጨው በሌላ የመገናኛ ሳተላይት በኩል ስለሆነ ሳህን፣ ልዩ መቀበያና ምዝገባ ይጠይቃል። የአፍሪካ አገሮች የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ፑማ በተባለው ፕሮጀክት ይህን መቀበያ አግኝተዋል። በመሆኑም የቤቱ ምስል የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን የአሥር ቀን መግለጫ አይተካም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ግን ከሹፌሩ ወሬ ይሻላል።

ታዲያ ምስሉ የሚጠቅመው መቼ ነው? ጥያቄው ሰፊ ሲሆን ነው። ዝናቡ በሰኔ ወደ ሰሜን ወጥቷል ወይስ ደቡብ ላይ ተይዟል? በመስከረም ቶሎ ተመልሷል ወይስ ዘግይቷል? በኅዳር ጤፍ አጨዳ ላይ እያለ፣ ቡናም በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ያለ ወቅቱ የሚመጣ ደመና ከየት በኩል እየገባ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በየቀኑ ምስል እየያዘ ሦስትና አራት ዓመት የከረመ ሰው ከሌላው ቀድሞ ይመልሳቸዋል። አንድ ምስል ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ነው።

ቡና ላኪው የሚያየው ሌላ ሰማይ

ለቡና ነጋዴ ጉዳዩ ከአገር ይወጣል። በጁላይ 1975 በብራዚል ፓራና ግዛት የወረደው ውርጭ የቡና ዛፉን አቃጥሎ የዓለም ዋጋ በ1977 አንዱን ፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ አድርሶት ነበር። በ1994 በጁንና በጁላይ በተከታታይ የወረደው ውርጭም የዚያን ዓመት ዋጋ ከእጥፍ በላይ አሳደገው። በጁላይ 2021 እንደገና ተደገመ። ውርጩ ሚናስ ዠራይስ ላይ ይውረድ እንጂ ሒሳቡ ይርጋ ጨፌና ጅማ ላይ ይታያል፤ ቀድሞ የሰማ ያከማቻል፣ ዘግይቶ የሰማ በአሮጌ ዋጋ ይሸጣል።

በአዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ያለ የ137 ሜጋኸርዝ አንቴና ብራዚልን ሊያይ አይችልም፤ ከአድማሱ በታች ናት። ዋሽንግተን ወይም ሌላ የአሜሪካ ከተማ ያለ ሰው ግን ጎዝ ከተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስል አንድ ሜትር ያህል በሚሆን ሳህንና በዚያው ዓይነት መሰኪያ በቀጥታ መቀበል ይችላል። በ75.2 ዲግሪ ምዕራብ ላይ የቆመው የምሥራቁ ጎዝ ደቡብ አሜሪካን በሙሉ ያያል። የቀዝቃዛ አየር ግንባር ከአርጀንቲና ተነሥቶ ወደ ቡናው አገር ሲወጣ በምስሉ ላይ ይታያል። ውርጭ መውረዱን የሚያረጋግጠው ግን ምስሉ ሳይሆን በእርሻው ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ነው። ሌሊቱ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለውና የቀዘቀዘ ሲሆን አደጋው ከፍ ይላል፤ ምስሉ የሚያሳየው ሰማዩ ጥርት ማለቱን ነው።

ገንዘቡ ያለው የት ነው?

ምስሉ ነጻ ከሆነ ከእርሱ የሚያተርፈው ማን ነው? እስከ አሁን የታየው የሚያተርፈው ያነበበው እንጂ የያዘው አይደለም። ለዚህ ኢትዮጵያ ራሷ ምሳሌ ነች። ከ1984ቱ ረሃብ በኋላ አሜሪካ በ1985 ያቋቋመችው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የኖዓ ሳተላይቶች ምስል ላይ የመሬቱን ልምላሜ እያነበበ የትኛው አካባቢ እንደደረቀ ይለይ ነበር። ምስሉ ደመናን ለማየት የታሰበ ነበር፤ አንባቢዎቹ ግን ከዚያው ምስል የሰብል ዜና አወጡበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኢንሹራንስ ነው። በ2009 በትግራይ አዲ ሃ በተባለች ቀበሌ 200 አባወራዎች ለጤፋቸው የዝናብ ኢንሹራንስ ገዙ። ካሣው የሚከፈለው ገምጋሚ ማሳው ድረስ ሄዶ ሳይሆን ከሳተላይት የተገመተው ዝናብ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ ነበር። ኦክስፋም አሜሪካ፣ ስዊስ ሪ፣ ንያላ ኢንሹራንስና ሌሎችም የተሳተፉበት ይህ ሙከራ ነጻውን ምስል ወደሚሸጥ ውል ለወጠው። ድክመቱም ያው ከላይ የተባለው ነው፤ ሳተላይቱ «ዘንቧል» ባለበት ማሳ ላይ ሳይዘንብ ቢቀር ገበሬው ፕሪሚየሙን ከፍሎ ካሣ አያገኝም።

ሦስተኛው ምሳሌ ማስጠንቀቂያ ነው። ያው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ ድረ ገጹ ተዘጋ፤ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሳተላይቶችና አንድ ትልቅ አንባቢ ተቋረጡ። አቋራጩ የተለያየ ምክንያት ነው፤ ለተጠቃሚው ግን ውጤቱ አንድ ነው።

ለገበያ ሰው

ይህን ሥራ የሚያስብ ነጋዴ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ የትኛው ሳተላይት በዚያ ሰሞን እየሠራ እንደሆነ ይጠይቅ፤ በ2025 የተዘጉትን እንደሚቀበል እያስታወቀ የሚሸጥ ዕቃ ቢገኝ ማስታወቂያው አሮጌ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራውን ለአንድ ሰው ይስጥ። በየቀኑ ምስሉን የሚያስቀምጥ፣ ቀንና ሰዓት የሚጽፍ፣ ከኢንስቲትዩቱ መግለጫና ከገበያው ዋጋ ጋር የሚያስተያይ ሰው ከመሰኪያው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ደመወዙም ከመሰኪያው ይበልጣል። ሦስተኛ፣ በአንድ ምስል ላይ ተመሥርቶ አይግዛ፣ አይሽጥ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር እንደተባለው ነጩ ደመና ውስጥም ባዶ አለ።

ለባለሀብቱ ደግሞ የሚታየው ክፍተት መሣሪያ ማስመጣቱ ላይ አይደለም። ርካሽና ማንም ሊያመጣው የሚችል ዕቃ ትርፉ ቀጭን ነው። ክፍተቱ ከምስሉ፣ ከዝናብ መለኪያውና ከዋጋው አንድ ላይ ተነቦ ለሰሊጥ ነጋዴ በሰሊጥ ቋንቋ፣ ለቡና ላኪ በቡና ቋንቋ የሚቀርብ የሳምንት ሪፖርት ላይ ነው። ለእንዲህ ያለው ሪፖርት የሚከፍል ነጋዴ ይኖራል፤ ምክንያቱም ዛሬም ለወሬ እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለውም በኪሳራ ነው።